በካርታ ቅርብ፣ በእግር ሩቅ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የካናዳ የአየር ቅየሳ ኩባንያ ከወደ ኬንያ ሥራ መጣለት። ለወረቀት ፋብሪካ የሚሆን ደን የት ቢተከል ይሻላል? ቦታው ዳገት እንዳይበዛበት፣ አፈሩ እንዲስማማ፣ ዝናብ እንዲያገኝ፣ ከመንገድም እንዳይርቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ካርታ አለው። የዚያን ጊዜው ዘዴ ካርታዎቹን በስስ ወረቀት እየገለበጡ፣ አንዱን ባንዱ ላይ እየደረቡ፣ ሁሉም የሚስማሙበትን ጥግ በዓይን መፈለግ ነበር። በኩባንያው ይሠራ የነበረው ወጣቱ የጂኦግራፊ ባለሙያ ሮጀር ቶምሊንሰን ለዚህ የሚያስፈልገውን የሰው ጉልበት ሲያሰላ ዋጋው የማይቀመስ ሆነ፤ ሥራውም በዚያው ቀረ።

ሐሳቡ ግን አልለቀቀውም። ካርታው ወደ ቁጥር ከተለወጠ መደረቡን ለምን ኮምፒውተር አይሠራውም? በ1962 አውሮፕላን ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሊ ፕራት ሆኖ ተገኘ፤ የካናዳን የመሬት ሀብት ለመመዝገብ በተነሣው የመንግሥት ፕሮጀክት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። ከዚያ ጨዋታ የካናዳ ጂኦግራፊያዊ መረጃ ሥርዓት ተወለደ። ዛሬ ባለሙያዎቻችን በአጭሩ «ጂአይኤስ» የሚሉት ሁሉ ዘሩ ከዚያ ይቆጠራል። ካናዳ ስሙን ትውሰድ እንጂ ጥያቄው የምሥራቅ አፍሪካ ነበር፤ ተራራና ሸለቆ በበዛበት አገር አንድን ነገር የት እናስቀምጠው የሚል።

ጥያቄው እዚህም በየወረዳው አለ። በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ፣ የጤና ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ አንዲት ወጣት ባለሙያ ላፕቶፗን ከፍታ ትሠራለች። የምትጠቀመው ኪውጂአይኤስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው። አላስካ ይኖር የነበረው ጋሪ ሸርማን በ2002 የጀመረው፣ ከዚያ በኋላ የብዙ አገር ሰው በፈቃዱ ያሳደገው ሥራ ነው። ከ1969 ጀምሮ በዘርፉ ያለው ኤስሪ የሚሸጠው አርክጂአይኤስ በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የታወቀ ቢሆንም ፈቃዱ ዓመት በዓመት ገንዘብ ይጠይቃል፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በጀት ደግሞ ለነዳጅም አይበቃ።

ወረዳው አንድ አዲስ ጤና ጣቢያ የመሥራት ተስፋ አግኝቷል። ሦስት ቀበሌዎች ይሻሙበታል። በአገሪቱ መመዘኛ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው፣ ከሥሩ ያለ ጤና ኬላ ደግሞ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሰው ይታሰባል። ባለሙያዋ በእያንዳንዱ ዕጩ ቦታ ዙሪያ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 10 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ሠርታ፣ በክቡ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚገባ ለማየት ትሞክራለች። ክብ መሥራት በፕሮግራሙ ውስጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስክሪኑ ላይ ሲታይም ያምራል።

አጠገቧ የተቀመጡት አዛውንት ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው። በወጣትነታቸው በወባ ማጥፊያ ድርጅት ዲዲቲ ተሸክመው ወረዳውን በእግራቸው ያዳረሱ፣ በኋላ በክሊኒክ ያገለገሉ ሰው ናቸው። ለምክር ተጠርተው ነው የመጡት።

«ጋሼ፣ ይኼኛው ቀበሌ 9 ኪሎ ሜትር ላይ ነው ያለው። ክቡ ውስጥ ገብቷል» አለቻቸው።

«ገብቷል። ሰዎቹስ?» አሏት መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ልጄ፣ ያ ቀበሌ ከወንዙ ማዶ እኮ ነው። ሐምሌ ላይ ማን ያሻግራቸዋል?»

ክቡ ወንዝ አያውቅም። ገደልም አያውቅም። የሚያውቀው ቀጥታ መስመርን ብቻ ነው። በቢሮዎቻችን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ብዙ የአገልግሎት ሽፋን ካርታዎች በዚህ ዓይነት ክብ የተሠሩ ናቸው፤ በሪፖርት ላይ የሚወጣው የሽፋን መቶኛም ብዙ ጊዜ ከዚያው ይቀዳል። ሜዳማ በሆነ አገር ክቡ ብዙም አያሳስት ይሆናል። የአዲስ አበባን የጎጃም መንገድ የተጓዘ ሰው ግን ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ያለውን ያስታውስ። ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ መስመር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። መኪናው የሚሄደው የዚያን እጥፍ ነው፤ ከአፋፉ እስከ ድልድዩም ወደ 1,400 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ሰው ደጋ ላይ ጋቢ ለብሶ ተሳፍሮ ድልድዩ ላይ ሸሚዙን ይፈታል።

እንዲህ ላለ አገር ሌላ ስሌት አለ። አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ምሁር ዋልዶ ቶብለር በ1993 ያወጣው ቀመር የሰው እግር በዳገትና በቁልቁለት ምን ያህል እንደሚፈጥን ይናገራል። በቀመሩ መሠረት ሰው በሜዳ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከሁሉም የሚፈጥነው ግን በጥቂቱ ቁልቁል ባለ መንገድ ላይ ነው፤ በዚያ 6 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በ100 ሜትር ጉዞ 30 ሜትር ሽቅብ በሚል ዳገት ላይ ፍጥነቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በታች ይወርዳል። አሁን አንድ ሰው 7 ኪሎ ሜትር ወርዶ 7 ኪሎ ሜትር ቢወጣ፣ መንገዱም በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር የሚያጋድል ቢሆን ብለን እናስላ። መውረዱ 2 ሰዓት ያህል ይወስዳል። መውጣቱ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ። ያው 14 ኪሎ ሜትር በሙሉ ሜዳ ቢሆን ኖሮ የሚፈጀው 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ነበር። ማለትም አቀበቱ ብቻውን የመላውን ሜዳ ጊዜ ይበላል።

ይህም ጤነኛ ጎልማሳ ሲሄድ ነው። ቀመሩ የወጣው ከእግረኛ መንገደኞች መረጃ እንጂ ምጥ ከያዛት ሴት ወይም አራት ሰው ተፈራርቆ ከሚሸከመው ቃሬዛ አይደለም። ስለዚህ ለወላዶች አገልግሎት የሚሠራ ካርታ ፍጥነቱን ቀንሶ ካልተጠቀመ ሌላ ዓይነት ውሸት ይናገራል። በምን ያህል ይቀነስ የሚለውን ፕሮግራሙ አይመልስም። የሚያውቀው ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ነው፤ ያን ሰው ደግሞ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

ባለሙያዋ ክቦቹን አጥፍታ የከፍታ መረጃ ጫነች። ይህ መረጃ በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ለ11 ቀናት በራዳር ምድርን ስትለካ የተሰበሰበ ነው። መሬትን በ30 ሜትር በ30 ሜትር ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ከፍታውን ይሰጣል። ለረጅም ጊዜ ዝርዝሩ ከአሜሪካ ውጭ ላለው ዓለም አይለቀቅም ነበር። በ2014 ሲለቀቅ በመጀመሪያ የወጣው የአፍሪካው ነው። 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ወረዳ በዚህ አከፋፈል ከ1 ሚሊዮን በላይ አራት ማዕዘኖች ይወጡታል። ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ለመሻገር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ፕሮግራሙ በቀመሩ ያሰላል፤ ከዚያም ከጤና ጣቢያው ተነሥቶ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ጊዜውን እየደመረ ይሰፋል። ውጤቱ ባጋደለ ምጣድ ላይ የፈሰሰ ሊጥ ይመስላል። በአንድ በኩል ርቆ ይሄዳል፤ በሌላ በኩል ጥቂት ብሎ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት አክሰስሞድ በሚባል ነጻ መሣሪያ ይህንኑ ስሌት ለጤና ተቋማት ዕቅድ አዘጋጅቶታል።

ወንዙን ለማስገባት ከአዛውንቱ ጋር መነጋገር ነበረባት። የትኛው ወንዝ በክረምት ይሞላል? በየትኛው መልካ በግንቦት ይሻገራል? የትኛውስ በመስከረም ገና አይደፈርም? እሳቸው በጣታቸው እያሳዩ፣ እሷ እየነካካች፣ ወንዞቹን ሁለት ጊዜ መዘገበቻቸው። አንዱ ለበጋ ነው፤ ሌላው ለክረምት። በበጋው ስሌት ወንዙ ጥቂት ደቂቃ ያስጨምራል፤ በክረምቱ የማይታለፍ ግድግዳ ይሆናል። ስሌቱ ሲያልቅ ክቡ ውስጥ «ገብተዋል» ከተባሉት ቀበሌዎች ሁለቱ በክረምት ከሁሉም ጤና ጣቢያዎች ተቆርጠው ቀሩ። ከሦስቱ ዕጩዎች በክብ ስሌት አንደኛ የነበረው ወደ ሦስተኛነት ወረደ።

አዛውንቱ ስክሪኑን ለጥቂት ጊዜ አይተው ወደሚያውቁት ነገር፣ ወደ ወባ፣ ተሻገሩ። «ቆላውን በቀይ፣ ደጋውን በአረንጓዴ ልትቀቢልኝ ትችያለሽ? ድሮ እኛ በቃል ነበር የምንለየው።»

በቃል የያዙት መለያ የታወቀ ነው። በአገራችን ለወባ የሚታሰበው መስመር ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች ያለው አገር የወባ ተብሎ ይቆጠራል። መስመሩ ግን ግንብ አይደለም። በ1958 በደረሰው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ሰው እንደሞተ ተገምቷል፤ በሽታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር በሚደርሱ ቦታዎች ነበር የተዛመተው። ሰዉ ወባን እምብዛም ስለማያውቃት የመከላከል አቅም አልነበረውም። የከፍታውን መረጃ ይዞ 2,000 ሜትርን ማስመር ዛሬ ቀላል ነው። ከባዱ፣ በሞቃትና ዝናብ በበዛበት ዓመት መስመሩን ስንት ሜትር ሽቅብ እንግፋው የሚለው ነው።

በዚህ ወረዳ የሚብሰው ሌላ ችግር ነው። አፋፉ ላይ ያለው ቀበሌ 2,500 ሜትር ላይ ተቀምጦ ገብስ ያበቅላል፤ የታችኛው 1,200 ሜትር ላይ ማሽላ ያጭዳል። ሁለቱም የአንድ ወረዳ ናቸው። የክልል ካርታ ወረዳን በአንድ ቀለም ይቀባል። የቆላው የወባ ሕሙማን ብዛት ደጋውን ጨምሮ በመላው የወረዳው ሕዝብ ሲካፈል መካከለኛ ብርቱካናማ ቀለም ይወጣል፤ ይህ ቀለም የሚገልጸው ሰው ወረዳው ውስጥ የለም። ደጋው ላይ አጎበር ይባክናል፤ ቆላው ላይ ያንሳል። ስለዚህ ካርታ የሚያይ ኃላፊ ከቀለሙ በፊት መጠየቅ ያለበት የተከፋፈለው በምን ወሰን ነው የሚለውን ይመስለኛል። ወረዳ ለአስተዳደር የተሠመረ ነው። ትንኝ አትከተለውም።

አዛውንቱ ሌላም አከሉ። «ታማሚው የተመዘገበው የታከመበት ነው፤ የተነከሰው ሌላ ቦታ።» ደጋ የሚኖረው ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ወርዶ ይከርማል። ሲመለስ ትኩሳቱ ደጋው ጤና ኬላ ላይ ይያዛል፤ ካርታው ላይም ነጥቡ ደጋው ላይ ይውላል። ቅጹ «ባለፉት ሳምንታት የት ነበርክ?» ብሎ ካልጠየቀ የትኛውም ሶፍትዌር ይህን ነጥብ ወደ ቦታው አይመልሰውም።

ከዚህ በኋላ ያለው የሥራው ክፍል ማንም ፎቶ የማያነሣው ነው። የጤና ኬላዎቹ ዝርዝር በአንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ አለ፤ የቀበሌዎቹ ወሰን ደግሞ ከሌላ መሥሪያ ቤት በመጣ ፋይል ውስጥ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ፕሮግራሙ የቀበሌዎቹን ስም ያመሳክራል። የኛ ፊደል እዚህ ጣጣ ያመጣል። አንዱ ጸሐፊ በ«ጸ» የጻፈውን ሌላው በ«ፀ» ጽፎታል፤ አንዱ «ሐ» ያለውን ሌላው «ሀ» ብሎታል። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደሎች። ሚካኤልና ገብርኤል የሚሉ ቀበሌዎችም በየወረዳው ስላሉ ስም ብቻውን ቦታ አይለይም። ለእያንዳንዱ ቀበሌ የማይለወጥ የቁጥር መለያ መስጠት መፍትሔ ነው፤ ቁጥሩን በየቅጹ መጻፍን ማስለመድ ግን ዓመታት ይፈጃል። ባለሙያዋ ያን ቀን ከሥራዋ አብዛኛውን ያዋለችው እነዚህን ስሞች በማስታረቅ ነው።

የባሰ ተንኮለኛ ስሕተትም አለ። አሮጌዎቹ የ1 ለ50,000 ካርታዎቻችን የተመሠረቱት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ላይ ነው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ በዓባይ አቅራቢያ ያለ የቅየሳ ነጥብ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖች ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት ሲቀይሱ የልኬቱ ሰንሰለት ከዚያ ተነሥቶ ወደ እኛ ወረደ። ስልካችን ውስጥ ያለው ጂፒኤስ ግን የሚለካው ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። በሁለቱ መካከል አገራችን ላይ ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። መነሻውን ሳይነግሩ ሁለቱን የደረበ ሰው ጤና ኬላውን ወንዝ ውስጥ ወይም ከወንዙ ማዶ ያገኘዋል። ፕሮግራሙ አይጮኽም፤ ሁሉንም ጥርት አድርጎ ያሳያል። ሜዳ ላይ 200 ሜትር ምንም አይደል። ገደል አፋፍ ላይ ሌላ ቀበሌ ነው።

የሕዝብ ቁጥሩስ? የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ2007 ነው፤ ቀጣዩ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀበሌ ውስጥ ያለው ሰው ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ የተተነበየ ነው። ይህን ለመሙላት ተመራማሪዎች ከሳተላይት ምስል ላይ ቤቶችን ይቆጥራሉ። ጎግል በ2021 የአፍሪካን የሕንፃ ቅርጾች በነጻ ለቋል። የኦፕንስትሪትማፕ በጎ ፈቃደኞችም ቤትና መንገድ በእጃቸው ይሥላሉ። ቆርቆሮ ክዳን በሳተላይት ያበራል። የሣር ክዳን ጎጆ ግን ከመሬቱ ቀለም ጋር ተመሳስሎ ሊያመልጥ ይችላል፤ የሣር ክዳን የሚበዛበት ደግሞ ድኻውና ሩቁ ቀበሌ ነው። ስሌቱ የሚያጎድለው ጤና ጣቢያው በተለይ የሚያስፈልጋቸውን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ቀለም ሲያዩ ማመን ይቀናናል። ከጤና ውጭ የአፈር ካርታን እንውሰድ። አርሶ አደሩ ለአሥርት ዓመታት፣ አፈሩ ቀይም ይሁን ኮትቻ፣ ዳፕና ዩሪያ የተባሉት ማዳበሪያዎች ብቻ ሲታደሉት ኖሯል። ከ2012 ጀምሮ ኢትዮሲስ በተባለው የአፈር መረጃ ሥራ ከየአካባቢው ናሙና ተሰብስቦ ካርታ ሲሠራ፣ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮን የሚጎድላቸው ሰፋፊ ቦታዎች ታዩ። ዳፕ ኤንፒኤስ በተባለው ማዳበሪያ የተተካው ከዚያ ወዲህ ነው። ለአገር የሚበጅ ሥራ ነበር። ሆኖም በሁለት ናሙና ነጥቦች መካከል ያለው ቀለም ተለክቶ ሳይሆን ተገምቶ የተሞላ ነው። እንዲህ ያለ ካርታ ለክልል ግዥ ይበቃል፤ አንድ ገበሬ በአንዱ ማሳው ላይ ምን ይጨምር ለማለት ግን አልተሠራም። ካርታውን ያዘጋጁት ይህን ያውቃሉ፤ ካርታው እጅ በእጅ ሲተላለፍ ግን ማስጠንቀቂያው እየቀረ ቀለሙ ብቻ ይዘልቃል።

ወደ ወረዳው ስንመለስ፣ በሁለተኛው ቀን ጥያቄው ራሱ ተለወጠ። የክረምቱ ስሌት ሁለቱን የማዶ ቀበሌዎች ቆርጦ ሲጥል ባለሙያዋ አንድ ሙከራ አደረገች። ወንዙን በአንድ ቦታ ላይ ከፍታ፣ እግረኛ እንደሚያልፍበት ቆጥራ፣ ስሌቱን ደገመችው። ሁለቱም ቀበሌዎች ቀድሞ ባለው ጤና ጣቢያ የሁለት ሰዓት ክልል ውስጥ ገቡ። አዲስ ጤና ጣቢያ ሳይሠራ ማለት ነው። ወረዳው የጠየቀው ጤና ጣቢያ ነበር፤ ለእነዚህ ሰዎች የጎደላቸው ግን የእግረኛ ድልድይ ሆኖ ተገኘ። አዲሱን ጤና ጣቢያ ችግሩን ድልድይ ለማይፈታለት ሌላ አቅጣጫ ማዋል ይቻላል።

ይህ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ ቅስቱ ከተሰበረ በኋላ ሰዉ ለዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ያንን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በ2001 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየው አሜሪካዊ ኬን ፍራንትዝ በዓመቱ መጥቶ እንዲጠገን አድርጓል። ያቋቋመው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅትም በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ሲሠራ ቆይቷል። እዚያ ካርታ አላስፈለገም፤ ሁሉም ሰው የተሰበረውን ያይ ነበር። ድልድይ ኖሮት በማያውቅ ወንዝ ላይ ግን ጉድለቱ ለዓይን አይታይም፤ በስሌት መፈለግ አለበት።

ክርክሩ የቀጠለው ድልድዩ የት ይሁን በሚለው ላይ ነው። ባለሙያዋ የመረጠችው ወንዙ የጠበበበትን ነው፤ ከዚያ ቢሠራ ብዙ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል።

«እዚያ ማንም አይሻገርም» አሉ አዛውንቱ። «የቅዳሜ ገበያ መንገድ ከታች ነው። ሰዉ በበጋ የሚሻገርበትም ያው የታችኛው መልካ ነው።»

«ጋሼ፣ የታችኛውን ከወሰድን አንዱ ቀበሌ ከሁለት ሰዓት በላይ ይሆንብናል።»

«ይሁን እንጂ፣ ይሄዱበታላ።»

የገበያ መንገዱ በፋይሉ ውስጥ አልነበረም። አዛውንቱ እየነገሯት ከሳተላይቱ ምስል ላይ ነጩን የእግር ዱካ ተከትላ ሣለችው፤ ስሌቱንም ለሁለቱም ቦታ ሠራችው። 30 ሜትር በ30 ሜትሩ አራት ማዕዘን የደበቀው አንድ ቀጥ ያለ ገደል በላይኛው መንገድ ላይ እንዳለም ተናገሩ፤ እሱን ስታስገባ የላይኛው ብልጫ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ሁለቱንም አትማ፣ ከእያንዳንዱ ሥር የመረጃውን ምንጭ፣ ዓመቱን፣ የተወሰደውን የእግር ፍጥነትና የቃሬዛው ፍጥነት ግምት መሆኑን ጽፋ ለወረዳው ምክር ቤት አዘጋጀች። ጤና ጣቢያ የጤናው በጀት ነው፤ ድልድይ የመንገዱ። ከአካባቢው ስወጣ ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች የትኛው ለየትኛው ደብዳቤ ይጻፍ በሚለው ላይ ገና አልተስማሙም ነበር።